ሻሽ የማታስረዋ ላንድሮቨር

ጂንካ ጋራዥ የገባሁት መንግሥት በተለወጠበት ዓመት ነው። በመጀመሪያው ቀን የተሰጠኝ መፍቻ አልነበረም፤ ግማሽ ድረስ ቤንዚን ያለበት ሳፋና አሮጌ ብሩሽ ነበር። የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ደምሴ፣ "አንቺ ዕቃ ታጥቢያለሽ። ጉድጓዱ ጋ እንዳትደርሺ" አሉኝ። ጉድጓድ የምንለው መካኒኩ ከመኪና ሥር ቆሞ የሚሠራበትን ነው። ለምን ሥራ እንደፈለግሁ፣ ቤቴ ውስጥ ምን እንደነበረ እዚህ አልጽፍም። ማንንም አይመለከትም።

ዋናው መካኒክ ስዩም ይባላል። የጋሽ ደምሴ የእህት ልጅ ነው፤ ጉድጓዱን ያገኘውም በዚያ ነው። የፈታውን ዕቃ ከጉድጓዱ ሳይወጣ ወደ ሳፋዬ ይወረውራል። ቤንዚኑ ፊቴ ላይ ሲረጭ፣ "እቴ፣ ሽቶ እኮ ነው፤ ምን ያሸሽሻል?" ይላል። ሰው ይስቃል። እኔ ዕቃውን አንስቼ አጥባለሁ።

ዐሥር ዓመት ገደማ እንዲህ አለፈ። ሰው ሲጠፋ ፍሬን አስሬአለሁ፤ ፍሪሲዮን አውርጃለሁ፤ ካንዴላ ቀይሬአለሁ። ባለመኪናው ሲመጣ ግን የሠራው ስዩም ነው ይባላል። እኔ "ልጅቷ" ነበርኩ። ፀጉሬ መሸበት ሲጀምርም ልጅቷ ነበርኩ።

የአቶ ማርቆስ ላንድሮቨር የመጣችው በዚያን ጊዜ ነው። አቶ ማርቆስ ቆላ ወዳለችው ኦሞራቴ ወርደው ከወንዝ የወጣ አሳ እየገዙ ጂንካ የሚሸጡ የአሪ ሰው ናቸው። መኪናዋ ከእኔ በዕድሜ ትበልጥ ነበር። የራሷ ሞተር ሲሞት ሌላ ከተማ ወስደው ትልቅ የቶዮታ ሞተር አስገብተውባታል። ሞተሩን የቀየረው ሰው ግን የቤንዚኑን መስመር እንዳለ ተወው። ቀጭኑ የመዳብ ቱቦና ዝገት የያዘው ሰልባትዮ፣ ማለትም የቤንዚን ማጠራቀሚያው፣ አልተነኩም፤ ቤንዚኑን የሚስበው ፖምፓ ያለው ሞተሩ ጎን ላይ ነው።

"እዚህ እንደ ፈረስ ትሮጣለች" አሉ አቶ ማርቆስ። "ከቀይ አፈር ከተማ ቁልቁል ስወርድ ግን ትተኛለች። አሳዬ በፀሐይ ይበሰብሳል።"

ለዚህ በሽታ የአገራችን ሾፌሮች አንድ መድኃኒት ነበራቸው። መንገድ ላይ ባለችው ካኮ ከተማ ጀሪካን ውሃ ይሞላሉ፤ ጨርቅ ነክረው ፖምፓው ላይ ይጠመጥማሉ። ጨርቁን "ሻሽ" ይሉታል። መኪናው ቆላ ላይ ሲቆም ኮፈኑን ከፍተው ሻሹን በውሃ ያርሳሉ፤ ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ፤ ሞተሩ ሲበርድ ይነሳሉ። ይህንን ማንም እንደ ብልሽት አይቆጥረውም ነበር። የመንገዱ ጠባይ ነው ይባላል።

ስዩም በበኩሉ ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ይፈታል። እኔ አጥባለሁ። እሱ ይገጥማል። ከዚያ መኪናዋን ከተማው መሀል ባለው የአውሮፕላን ሜዳ ዳር አንድ ሁለቴ ያዞራትና "ጨርሻለሁ" ይላል። ጂንካ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ እዚያ ቆማ አታውቅም። አቶ ማርቆስ አመስግነው ይሄዳሉ፤ በሳምንቱ የበሰበሰ አሳ እየሸተቱ ይመለሳሉ።

አንድ ቀን ካርቡራተሩን እንደገና ሳፋዬ ውስጥ ሲጥለው አላጠብኩትም። አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

"ይሄ ንጹሕ ነው" አልኩ።

"ማን ጠየቀሽ?" አለ ስዩም።

"የማጥበው እኔ ነኝ። ባለፈውም ንጹሕ ነበር፤ ከዚያ በፊት ባለውም። ቆሻሻ ከሌለው ዕቃ ቆሻሻ ሳጥብ ከረምኩ።"

አቶ ማርቆስ ከወንበራቸው ተነሱ። "እህቴ፣ ታዲያ ምንድን ነው?"

ነገርኳቸው። ቱቦው ከማርሚታው፣ ከጋለው የጭስ ማውጫ፣ ጋር ተጣብቆ ነው የሚያልፈው። ቤንዚኑ ቆላ ላይ ይፈላል፤ እንፋሎት ይሆናል። ፖምፓው ደግሞ ከሩቅ የሚስብ ነው፤ እንፋሎት መሳብ አይችልም። ሞተሩ ትልቅ ነው፤ ቱቦው ቀጭን ነው። ካርቡራተሩን መቶ ጊዜ ብናጥብ ለውጥ የለውም።

"እና ምን ይደረግ ትያለሽ?" አሉ ጋሽ ደምሴ።

"በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፖምፓ ሰልባትዮው ሥር ይታሰር፤ ከታች እየገፋ ይላክ። ቱቦው ይወፍር፤ ከማርሚታው ይራቅ። የተረፈው ቤንዚን ወደ ሰልባትዮው የሚመለስበት ሌላ ቱቦ ይኑረው። ከቆመ ይፈላል፤ ከዞረ አይፈላም።"

ስዩም ሳቀ። "ሻሽ ያሰረች ሴት የመኪናዋን ሻሽ ላውልቅ አለች!" ጋራዡ ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ጋሽ ደምሴን ነበር የማየው። እሳቸው አልሳቁም፤ አቶ ማርቆስ ጥሩ ደንበኛ ነበሩ።

"ሥሪው" አሉኝ። "ኦሞራቴ ደርሳ ሳትቆም ከተመለሰች ጉድጓዱ ውስጥ ገብተሽ ትሠሪያለሽ። ከቆመች ግን ሳፋሽ ጋ ትመለሻለሽ፤ ከእንግዲህ መፍቻ እንዳላይብሽ።"

ፖምፓውን አቶ ማርቆስ በአውቶቡስ ሾፌር ከአዲስ አበባ አስመጡ። እኔ ሰልባትዮውን አወረድኩ፤ ጠጠርና ቁራጭ ሰንሰለት ከትቼ ዝገቱ እንዲላቀቅ ስወዘውዘው ዋልኩ። የወጣው ዝገት ቡና ይመስላል። ወፍራሙን ቱቦ በሻሲው ውስጠኛ ጎን አሳለፍኩ። ከፖምፓው በፊት ማጣሪያ አስገባሁ፤ እኛ ጋ ቤንዚን ከበርሜል ስለሚቀዳ ውሃም አቧራም አይጠፋውም። እያንዳንዱን መጋጠሚያ በፋሸታ፣ በብረት ማጥበቂያ ቀለበት፣ አሰርኩ። ለፖምፓው ከመሪው ሥር የራሱ ማብሪያ ማጥፊያ አደረግሁለት።

መጀመሪያ ሳበራው ካርቡራተሩ ቤንዚን ተፋ። የመመለሻው ቱቦ አፍ ጠቦ ነበር፤ ግፊቱ በዛ። ስዩም አሸዋ ይዞ እየሮጠ መጣ፤ "ልታቃጥለን ነው" እያለ። አጠፋሁና አፉን አሰፋሁት። እንደገና ሳበራው ጠብ ያለ ነገር አልነበረም። አሸዋውን እስኪያስቀምጥ ቆሜ ጠበቅሁት።

"በይ፣ ሜዳው ዳር አዙሪያት" አለ።

"ሜዳው ዳር ሁልጊዜም ትሄዳለች" አልኩት። "በቀትር ኦሞራቴ ነው የምትፈተነው።"

ጋሽ ደምሴ ምስክር እንዲሆን ስዩምን ላኩት። እሱ ከፊት ተቀመጠ፤ እኔን ከኋላ ከባዶዎቹ የአሳ ሣጥኖች ጋር አስቀመጡኝ። ካኮ ላይ ስዩም ወርዶ ጀሪካን ሞላ፤ ጨርቅም ነከረ። አቶ ማርቆስ በመስተዋቱ አዩኝ። ቀይ አፈርን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጨርስ ሙቀቱ ገባ። አቶ ማርቆስ ሁልጊዜ የምትተኛባቸውን ቦታዎች በጣታቸው እያሳዩ አለፏቸው። "እዚህ ዛፍ ሥር በልቼ አውቃለሁ" አሉ። "እዚያ ማዶ ጸልያለሁ።"

መሄዱ ቀላሉ ነበር። የሚያስፈራኝ ኦሞራቴ ላይ የጋለ ሞተር ጠፍቶ አሳ እስኪጫን በፀሐይ ከቆመ በኋላ መነሳቱ ነው። ድሮ እዚያ ላይ ነበር የምትሞተው። ለአቶ ማርቆስ አሳ የሚያቀርበው የዳሰነች ሰው ሣጥኖቹን ጭኖ ጨረሰና፣ እንደ ልማዱ ከወንዙ ውሃ ሊያመጣ ባልዲ አነሳ።

"ቆይ" አልኩት። ስዩም ግን ኮፈኑን ከፍቶ ነበር። በአንድ እጁ ጀሪካን፣ በአንድ እጁ ውሃ የሚያንጠባጥብ ሻሽ ይዞ ቆመ። "እስቲ አስነሺያታ" አለ።

መሪው ጋ ገባሁ። መጀመሪያ የፖምፓውን ማብሪያ ብቻ ተጫንኩ። ፖምፓው ባዶ ሲመታ ቶሎ ቶሎ ጠቅ ጠቅ ይላል፤ ቤንዚን ሲይዝ ይረጋል። ጠበቅሁ። ድምፁ ሲረጋ ቁልፉን አዞርኩ።

በአንዴ ተነሳች።

የዳሰነቹ ሰው ባልዲውን አስቀመጠ። "ዛሬ መኪና ውሃ አይጠጣም?" አለ።

"አይጠጣም" አልኩት።

ወደ ስዩም ሄዶ ጀሪካኑን ከእጁ ተቀበለው። "ስጠኝ፤ እኔ ይጠጣል" አለና አንስቶ ጠጣ። አቶ ማርቆስ ጎንበስ ብለው ሳቁ። ስዩም ሻሹን የሚያስቀምጥበት አጥቶ ቆሞ ቀረ። መንገዱን ሁሉ እጁ ላይ ነበር፤ ጂንካ ስንደርስ ደርቋል። ስንመለስ ከፊት የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ አቶ ማርቆስ ናቸው ያዘዙት።

አሳው እንደ ጠዋት አሳ ነበር። ጋሽ ደምሴ አንዱን አንስተው አሸተቱና መለሱት። ወደ እኔ አልዞሩም። ለስዩም፣ "ነገ ጉድጓዱን ልቀቅላት" አሉት። ከእሳቸው አፍ የሰማሁት ምስጋና ይህ ብቻ ነው፤ በቃኝ።

ከዚያ በኋላ ቆላ የሚወርድ አሮጌ መኪና ሁሉ ወደ እኔ መጣ። ጉድጓዱን እንደያዝኩ ቆየሁ፤ ኋላ የራሴን ጋራዥ ከፈትኩ፤ ሁለት ሴቶች አስተማርኩ፤ በመጀመሪያው ቀን መፍቻ ሰጠኋቸው። ሳፋው አሁንም አለ፤ ዕቃውን የፈታ ሰው ራሱ ያጥብበታል። ስዩም በሕይወት አለ። "የኤሌክትሪክ ፖምፓን ጂንካ ያስገባሁት እኔ ነኝ" እያለ ሲያወራ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ አንድ ቀንም አልመለስኩለትም። አሁን በዚህ ጽሑፍ መለስኩ። ውሃውን ማን እንደጠጣው ያውቃል።

ለሥራው አዲስ ለሆናችሁ የምለው አንድ ነው። መኪና ሠርታችሁ ስትጨርሱ በሚቆምበት መንገድ፣ በሚቆምበት ሙቀት፣ በሚጭነው ጭነት ንዱት። ጋራዡ በር ላይ ስለተነሳ ተሠራ አትበሉ።