ወደ ግራ የምትዞረው ባዝራዬ

ሱሉልታ ቤት ሠርተን በገባን በዓመቱ ሚስቴ መኪና እንድገዛ ላከችኝና ፈረስ ይዤ መጣሁ። እሷ ይህን ለእንግዳ ስታወራ እዚህ ላይ ቆም ትልና የሰዉን ፊት ታያለች። ከዚያ በኋላ እኔ የምናገረውን የሚሰማ አይገኝም። ስለዚህ በጽሑፍ ላስረዳ።

በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ አንድ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ውስጥ የተጋጩ መኪናዎችን ጉዳይ እከታተል ነበር። ቀኑን ሙሉ የተጨማደደ መከላከያና የረገፈ መስታወት ፎቶ ሳይ ስለምውል መኪና የሚባል ነገር አያምረኝም። እሑድ እሑድ ግን ከተማው ውስጥ ወደነበረ አንድ የፈረስ ክበብ እየሄድኩ አጥሩ ላይ ተደግፌ እሽቅድድም አይ ነበር። እዚያ አንዲት ዳማ ባዝራ ነበረች። አያቷ በአውሮፕላን የመጣች፣ እንግሊዞች ለሩጫ ብለው ካራቡት ዘር ናት ይሏታል። እግሯ ረጅም፣ ቆዳዋ ስስ፣ አንገቷ ቀና ያለ ነው። ስታሸንፍ ሰዉን ዞር ብላ ትቃኛለች። እኔም ከአጥሩ ማዶ ደረቴን ነፋ አደርጋለሁ፤ ምን እንዳደረግሁ ባላውቅም።

ክበቡ ሊዘጋ ነው፣ ፈረሶቹም ሊሸጡ ነው ሲባል እንቅልፍ አጣሁ። በመጨረሻ ገዛኋት። ከዚያ በኋላ ነው ፈረስ መጋለብ እንደማልችል ትዝ ያለኝ።

ኮርቻዋን እንደተጫነች በልጓሟ እየሳብኩ በእንጦጦ አቆራርጬ በእግሬ ወሰድኳት። ዳገቱ ላይ አንድ ሽማግሌ አስቆሙኝ።

«ለምን አትቀመጥባትም ልጄ?»

«ደክሟት ነው አባቴ።»

ባዝራዋን አዩዋት፤ እንደ ሙሽራ እየተሽኮረመመች ነው። ከዚያ እኔን አዩኝ፤ ላብ በላብ ሆኜ አለከልካለሁ። «እግዜር ያበርታችሁ» ብለው አለፉ።

በራችን ላይ ሚስቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ።

«መኪናውስ?»

«ይቺ ናት።»

«መሪዋ የታለ?»

ልጓሙን አሳየኋት። እስከ ማግስቱ አላናገረችኝም።

ከቤታችን ጀርባ ሰፊ ሜዳ አለ። ከሜዳው ማዶ የሚኖሩት አዛውንት ገበሬ ፈረስ ከአባት ከአያታቸው ጀምሮ ሲያራቡ የኖሩ ናቸው። እንደ አገሩ ሰው ኦቦ፣ አቶ እንደማለት፣ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ቤታችን ያረፈበት መሬት የወንድማቸው የገብስ ማሳ እንደነበረ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እሳቸው አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም፤ እኔም እንዳላወቀ ሰው ሆኜ ሰላም እላቸዋለሁ። ባዝራዋን ይዤ ስሄድ ጥርሷን አዩ፣ ጉልበቷን ዳበሱ፣ ዞሯት።

«ጥሩ ናት» አሉ። «ግን ብርድ አትችልም፤ ሣራችንንም ታማርጣለች። እኔ ጋ ትዋል። የመጀመሪያ ልጇ ያንተ፣ ሁለተኛው የእኔ።»

በደስታ ተስማማሁ። የመጀመሪያው የእኔ መሆኑ ትልቅ ብልጠት መስሎኝ ነበር።

በጥምቀት ማግስት ሜዳው ላይ ግልቢያ አለ። የኦቦ ትልቁ ልጅ ሊጋልባት ፈቀደ። እኔ ከቢሮ የክፍል ኃላፊዬን ሳይቀር ጋብዤ፣ መጨረሻው ጋ ወንበር አስደርድሬ፣ ኮት ለብሼ ቆምኩ። ለኃላፊዬ ስለ እንግሊዝ ዘር ማብራሪያ እየሰጠሁ ሳለ ፈረሶቹ ተለቀቁ። የእኔዋ ወዲያው ጥላቸው ሄደች። የአገሩ ፈረሶች አቧራዋን ነው የሚያዩት። ኃላፊዬ ከወንበሩ ተነሳ። ሜዳው ግማሽ ላይ ስትደርስ ወደ ግራ መታጠፍ ጀመረች። ልጁ ልጓሙን ይጎትታል፤ እሷ ትታጠፋለች። ለካ የክበቡ የሩጫ ቦታ ክብ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ በግራ በኩል ስትዞር ነው የኖረችው፤ ሩጫ ማለት ለእሷ መዞር ነው። ሰፊ ክብ ሠርታ፣ በሴቶቹ ጃንጥላዎች አጠገብ አልፋ፣ ወደ ተነሳችበት ተመልሳ ቆመች። ሰዉንም ዞር ብላ ቃኘች።

ኦቦ በእርጋታ ወደ እኛ መጡ። «ማንም አልደረሰባትም» አሉ። «ችግሩ፣ የሄደችው ወደ ተነሳንበት ነው።»

ኃላፊዬ «እና ይህ አሸነፈች ይባላል?» አለኝ።

«በክበቡ ሕግ አዎ» አልኩት። ቢሮ ውስጥ ኮሪደር ላይ በታጠፍኩ ቁጥር «ወደ ግራ» የሚለኝ ለብዙ ጊዜ አልጠፋም ነበር።

በዚያው ሰሞን ነው የማስተር ፕላኑ ወሬ የበረታው። አዲስ አበባና ዙሪያዋን በአንድ ፕላን ሊያደርጉት ነው ተባለ። የገበሬው መሬት ሊሄድ ነው ብሎ የሚሰጋው ብዙ ነበር። አንድ ቀን ቀያሾች መጥተው ሜዳው ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ካስማ ተክለው ሄዱ። ማን እንደላካቸው የነገረን የለም። ኦቦ ከሥራ ስመለስ መንገድ ላይ ጠበቁኝ።

«አንተ ከተማ ቢሮ የምትገባ ሰው ነህ። ይህ ሜዳ ካርታው ላይ ምን ተብሎ ነው የተጻፈው?»

«አላውቅም ኦቦ።»

«የሚያውቅ ሰውስ ታውቃለህ?»

እኔ የማውቀው የተጋጨ መኪና ብቻ ነው። እጠይቃለሁ አልኳቸው፤ የምጠይቀው ሰው እንደሌለኝ እሳቸውም ያወቁ ይመስለኛል። «እሺ» ብለው ካስማዎቹን እያዩ ሄዱ።

ባዝራዬ በሕይወቷ ሱሉልታ ላይ ያሸነፈችው አንድ ጊዜ ነው፤ ያንንም ያሸነፈችው በካስማዎቹ ምክንያት ነው። ቀጥታው ሜዳ ስለተከለለ ሽማግሌዎቹ በመስቀል ሰሞን ግልቢያው ከሜዳው ዳር ያለውን ጉብታ ዞሮ ከጀርባው እንዲያልቅ ወሰኑ። የጉብታው ዙር ደግሞ በግራ በኩል ነው። እንደ ክበቡ አድርጋ ዞረችው፤ ከጎረቤት ከተማ ከጫንጮ የመጡት ዝነኛ ፈረሶች እንኳ አልተጠጓትም አሉ። አሉ የምለው ስላላየሁ ነው። ካለፈው ተምሬ መነሻው ጋ ቆሜ ስጠብቃት ነበር። ጩኸቱ ከወዲያኛው ጫፍ ሲመጣ የሆነ ሰው ወድቆ መስሎኝ ደነገጥኩ። ስደርስ አንገቷ ላይ አደይ አበባ አድርገውላታል፤ የኦቦን ልጅ ትከሻቸው ላይ ተሸክመው ይዘፍናሉ። እኔን ማንም ባለቤቷ ነው ብሎ አላስታወሰኝም።

ኅዳር ላይ ተቃውሞው ፈነዳ። በየከተማው ተማሪዎች ወጡ፤ መንገድ ተዘጋ፤ ቡራዩም፣ ሰበታም፣ እኛም ጋ ጎማ ተቃጠለ፤ ተኩስ ተሰማ። የሞተም የታሰረም ነበር። የኦቦ የእህት ልጅ ቡራዩ ላይ ተይዞ የት እንደገባ ጠፋ። ቤታቸው ለቅሶ ቤት መስሎ ሰነበተ። እኔ በዚህ ሁሉ መሀል ያሳሰበኝ ነገር ቢኖር ባዝራዬ ነበረች። ሜዳ ላይ ጥይት ያገኛታል ብዬ ወደ ግቢያችን አመጣኋት። ኦቦ ያን ሰሞን ከድንጉላ ፈረሳቸው ጋር አገናኝተዋታል፤ ስለዚህ የወደፊቱ ሻምፒዮን እናት ናት፤ መጠበቅ አለባት።

ግቢያችን ተዳፋት ነው፤ ያልተጠናቀቀ ሥራ ስለነበረን የአሸዋ ክምርም ነበረበት። ከጎረቤት የሚለየን ቆርቆሮ ደግሞ ንፋስ ጥሎታል። ጎረቤታችን ለግንባታ ውሃ የሚያመላልስ ወንድ አህያ ነበረው። አንድ ጠዋት ሚስቴ ከመስኮቱ ጠራችኝ።

«ያ አህያ እኛ ግቢ ምን ይሠራል?»

አየሁት። አሸዋው ላይ ወጥቶ ከባዝራዬ አጠገብ ቆሞ አንገቷን በጥርሱ ያክክላታል። «ተዋደዋል» አልኳት። «ብቻዋን ከምትሆን ይሻላል፤ የእንግሊዝ ዘር በብቸኝነት ይታመማል።» ይህን የት እንዳነበብኩት እስካሁን ትጠይቀኛለች።

ነገሩ ጋብ ሲል ወደ ኦቦ መለስኳት። ሆዷ ገፋ። ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ፤ ሰዉ ግን ልቡ አላረፈም፤ ክረምቱም ተቃውሞው እንደተጋጋለ አለፈ። እኔ በየቀኑ ከሥራ ስመለስ ሄጄ ሆዷን አያለሁ። ቢሮ ውስጥ ለውርንጭላው ስም ምረጡ ብዬ አስቸገርኩ።

መስቀል አልፎ መንገዱ እንደገና በተዘጋበት ሰሞን አንድ ጠዋት የኦቦ ባለቤት በጓሮ በር መጡ። ባዝራዋ ከሌሊት ጀምሮ አምጣ መውለድ አቅቷታል። ስልክ አይሠራም። የእንስሳት ሐኪሟ ከዋናው አስፋልት ማዶ ነው የምትኖረው። ኦቦ ከባዝራዋ አይነቀሉም፤ ልጃቸው ከቤት ከወጣ ቆይቷል። ሚስቴ «ሂድ እንግዲህ፤ መኪና ቢሆን አያምጥም ነበር» አለችኝና እስከ ደጁ ድረስ ሸኘችኝ። እጄን አልለቀቀችም ነበር፤ እኔ ነኝ ያስለቀቅኋት።

አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፤ ጎማ ይጨሳል። ወጣቶች ቆመዋል። አንዱ ወደ እኔ መጣ።

«ኤሳ ዴምታ?» ወዴት ነህ ማለቱ ነው።

ኦሮምኛዬ ከሰላምታ ብዙም አላለፈም። ያም ሆኖ በቋንቋቸው ብመልስ ይሻላል ብዬ አሰብኩ። ባዝራዬ ልትወልድ ነው ለማለት ፈልጌ «ነን ዸላ» አልኩ። ትርጉሙ «ልወልድ ነው» መሆኑን በኋላ ነው የሰማሁት።

ልጁ ሆዴን አየ። የቢሮ ሆድ ነው፤ ጥርጣሬ አያስነሳም አይባልም።

«መቼ?» አለኝ በአማርኛ።

«አሁን! ከሌሊት ጀምሮ ነው፤ ሐኪም ልጠራ ነው።»

መጀመሪያ አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም። ድንጋይ ላይ ፀጉሩን ተላጭቶ የተቀመጠ ልጅ ብቻ አልሳቀም። ሐዘን ላይ መሆኑ ያስታውቃል።

«ኒ ዸልቲ ነው የሚባለው፤ የምትወልደው እሷ ከሆነች» አለኝ። «ማን ናት?»

«ባዝራዬ።»

«ያቺ ወደ ግራ የምትዞረው?»

«እሷው።»

«ሂድ ሐኪሟን አምጣት» አለ። «ስትመለሱ ግን በወፍጮው በኩል ዙሩ፤ አስፋልቱ ላይ እንዳትቆሙ።»

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ቦርሳዋን አንሥታ ቦት ጫማ አጥልቃ ወጣች። በወፍጮው በኩል ዞረን ስንሄድ ከሩቅ ተኩስ ሰማን። እኔ አጥር ሥር ተቀመጥኩ። እሷ ቆማ ጠበቀችኝ። «ጋሼ፣ ባዝራዋ እየጠበቀች ነው» አለች።

ባዝራዋ በጎኗ ተኝታ ታቃስታለች። ኦቦ ራሷን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በኦሮምኛ ቀስ ብለው ያዋሯታል። ሐኪሟ እጇን እስከ ትከሻዋ ታጥባ አስገባች። «አንዱ የፊት እግር ወደ ኋላ ታጥፏል» አለች። ብዙ ታገለች። እኔን መብራት ያዝ አሉኝ፤ ቀን ስለነበረ ከመንገድ እንድገለል ብለው ይመስለኛል። በመጨረሻ እግሩ ተቃና፤ ሁለቱም ሰኮናዎች ወጡ፣ ከዚያ አፍንጫ መጣ። እንባዬ መጣ። ቀጥሎ ጆሮ መጣ። መምጣቱንም አላቆመም።

«ዶክተር» አልኩ፣ «ውርንጭላ ሲወለድ ጆሮው እንዲህ ይረዝማል?»

«የበቅሎ ከሆነ አዎ» አለች ቀና ሳትል።

ኦቦ መጀመሪያ ውርንጭላዋን፣ ከዚያ እኔን አዩ። ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። የእህታቸው ልጅ ከተያዘ ጀምሮ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን እስኪያነቡ ሳቁ፤ ሳቁ አልቆም ብሏቸው ወጥተው ግድግዳ ተደገፉ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ የሳቅ ብቻ እንዳልሆነ ሁላችንም አይተናል። ባለቤታቸው ውሃ አቀበሏቸው። ባዝራዋ ልጇን እየላሰች ነበር፤ ጆሮዋን ምንም አላለቻትም።

ቤት ስገባ ሚስቴ «ምን ወለደች?» አለችኝ።

«ሴት ናት።»

«ፈረስ?»

የጆሮዋን ርዝመት በእጄ አሳየኋት። የአሸዋው ክምር የነበረበትን ቦታ በመስኮት አየችና ቁጭ አለች።

የእህታቸው ልጅ ከወራት በኋላ ተፈታ፤ ከስቶ ቢሆንም ተፈታ። ባዝራዬም በተከታዩ ዓመት ከኦቦ ድንጉላ ሁለተኛ ልጇን ወለደች፤ ከእናቷ እግሯን፣ ከአባቷ ብርድ መቻሉን የወሰደች ውርንጭላ። በውላችን መሠረት የእሳቸው ናት። አድጋ በየበዓሉ ታሸንፋለች፤ ልጆቿም እስከ ጫንጮ ድረስ ይፈለጋሉ። እኔ ደግሞ የማትወልድ በቅሎ ባለቤት ነኝ። በእርግጥ እንደሷ ያለች ሰጋር በአካባቢው የለችም። ሽማግሌ ለዕርቅ ሲሄድ፣ ሙሽራ ሲሸኝ እሷን ነው የሚለምኑኝ፤ ኦቦም ጉልበታቸው ከደከመ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት በእሷ ነው። ባዝራዋ አርጅታለች። ጥርሷ ስላለቀ የኦቦ ባለቤት ፉርሽካ በውሃ በጥብጠው ያበሏታል።

ሜዳው በቆርቆሮ ታጥሯል፤ እስካሁን ምንም አልተሠራበትም፤ በቀዳዳ ሲያዩት ሣሩ እስከ ወገብ ደርሷል። ግልቢያው ዘንድሮ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ጫንጮ መንገድ ባለ አንድ የግጦሽ መሬት ላይ ነው ተብሏል። ኦቦ በጠዋት እንውጣ ብለውኛል። ሚስቴም እመጣለሁ ብላ ምሳ እየቋጠረች ነው።