ጣቢያው ላይ የቀረችው የሰም ልጅ

ለባለቤቴ አርባ ያበራሁት ጧፍ አልቆ ሰሙ ሳህኑ ላይ ረጋ። ሳነሳው ሽታው ሰበታ ወደነበረው የአባቴ ቤት መለሰኝ።

አባቴ ባቡር ነጂ ነበሩ፤ አንዴ ከሄዱ ቶሎ አይመለሱም። ባቡሩ ያኔ በሰበታ ስለማያልፍ እኔ አይቼው አላውቅም ነበር። በዕረፍታቸው ሳሎን ውስጥ ሰፊ ጣውላ ዘርግተው ባቡሩን በትንሹ አስመስለው ይሠሩልኝ ጀመር። ሐዲዱ ከሽቦ፣ ፉርጎዎቹ ከሰርዲን ቆርቆሮ፣ የአዋሽ ድልድይ ደግሞ ከክብሪት እንጨት ነበር። ተሳፋሪዎቹን ከጧፍ ትራፊ የማበጀው እኔ ነበርኩ።

ወደ ሥራ ሊመለሱ ሲሉ፣ እኔን የምትመስል ትንሽ ልጅ ሠርቼ ፉርጎው ውስጥ አስቀመጥኳት።

«ይቺ ደግሞ ማናት?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ አባባ። ነገ ይዘውኝ ይሂዱ።»

«ትኬቷስ?»

«የነጂ ልጅ ትኬት ትጠየቃለች እንዴ?»

ሳቁ። ከዚያ ግን በሁለት ጣታቸው ቀስ አድርገው አወጧትና ጣቢያው ላይ አቆሟት። አኮረፍኩ።

«ነጂ ወደ ኋላ ዞሮ አያይም፤ ግን የቆመለት ሰው እንዳለ ሲያውቅ መንገዱ ይቀለዋል። መሸኘትም ሥራ ነው ልጄ» አሉኝ።

«እስከ መቼ ትቁም?»

«ባቡሩ ከዓይን እስኪጠፋ።»

«ከዚያስ?»

አባቴ ጎንበስ ብለው የተጣመመውን ሽቦ ማቃናት ያዙ።

አሁን ከሳህኑ ያነሳሁትን የረጋ ሰም በመዳፌ ሳሞቀው ለሰለሰ። አንዲት ትንሽ ሴት አበጀሁና የመስኮቱ ደፍ ላይ፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙሬ አቆምኳት።