የልጄን ፊት ለመሳል

ልጃችን በኩፍኝ የሞተችው አምስት ዓመት ሳይሞላት ነው። አንድም ፎቶ አልነበራትም። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ሮቤ ውስጥ የሱቁም የመሥሪያ ቤቱም ታፔላ በኦሮምኛ ቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል፣ እንደገና ይጻፍ ነበርና ለእኔ ለታፔላ ጸሐፊው ሥራው በላይ በላዩ ነበር። ጎባ ወስጄ ፎቶ ላስነሳት እያልኩ፣ ከአንዱ መሰላል ወደ ሌላው ስወጣ ጊዜው አለፈ።

በሞተች በዓመቷ ግድም ፊቷ ጠፋብኝ። ድምጿ ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ስትሮጥ የጫማዋ ኮቴ ይሰማኛል። ፊቷ ግን የለም። ባለቤቴ በህልሟ ታያታለች። ጠዋት ስንነሳ፣ «ዛሬም መጥታ ነበር» ትለኛለች። እኔ ዘንድ አንድ ቀን እንኳ አልመጣችም።

ጎረቤታችን የሆኑ አዛውንት ለዚያራ ወደ ሼክ ሁሴን መቃብር ሲሄዱ ይዘውኝ ሄዱ። እዚያ ግቢው ውስጥ እንደተቀመጥን፣ «ምን ላድርግ፣ አባቴ?» አልኳቸው።

«ዱዓ አድርግ። ከዚያ ዓይንህን ጨፍን፣ አትፈልጋት። ዝም ካልክ ልብህ ያስቀመጠውን ራሱ ያወጣዋል» አሉኝ።

ሦስት ቀን እንዳሉኝ አደረግኩ። የታየኝ ፊደል ብቻ ነበር።

ቤት ተመልሼ በተራረፈ ቀለም ቆርቆሮ ላይ መሳል ጀመርኩ። ምንም ሳላስብ እጄን ለቀቅኩት። ለሳምንታት ስፍቅና ስቀባ ከረምኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ድንገት ፊት ወጣ፤ ሰፊ ግንባር፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ያዘነበለ አፍ። አወቅኩት። እንባዬ እየወረደ ባለቤቴን ጠራኋት።

መጥታ ብዙ አየችው።

«ማነው?» አለችኝ።

«እሷ ናታ።»

«አይደለችም። ይሄ ያንተ ፊት ነው።»

ደግሜ ሳየው እውነቷን ነው። ያን ሁሉ ዱዓ አድርጌ፣ ያን ሁሉ ቀለም ጨርሼ፣ ልቤ አስቀምጦ የቆየው ራሴን ነበር።

«በግራ ጆሮዋ ሥር ጥቁር ነጥብ ነበራት» አለች ቀስ ብላ። «አይተኸው ታውቃለህ?»

ሥዕሉን አየሁት፤ ከጆሮው ሥር ምንም አልሳልኩም። እሷም መልሴን ሳትጠብቅ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ቀን ወዲህ ህልሟን ነግራኝ አታውቅም።

ቆርቆሮውን ነጭ ቀብቼ የአንድ ልብስ ሰፊ ስም ጻፍኩበት። ፊት ለመሳል ደግሜ አልሞከርኩም። የሚወጣው ማን እንደሆነ አውቃለሁ።