አሪየት ያልጨረሰችው መጽሐፍ

ትናንት ባሮ ድልድይ አጠገብ ከተዘረጉ አሮጌ መጻሕፍት መሀል አንድ ወፍራም የእንግሊዝ ልብ ወለድ አነሳሁ። ሽፋኑን አወቅኩት፤ እርጥበት የጠጣው ወረቀት ሲሸተኝ እህቴ አሪየት ፊቴ ድቅን አለች።

ክልል ሆናችኋል በተባልንበት ሰሞን ነው። እኔ ለማግባት የደረስኩ ጎረምሳ ብሆንም ገና ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። ሱዳን እንግሊዝኛ የተማረችው አሪየት ማንጎው ሥር ተቀምጣ ይህንኑ መጽሐፍ በአኙዋክኛ ትተርክልን ነበር። ሴት ልጆቿን ለመዳር የምትጣደፍ እናት አለችበት፤ ሀብታሙን ሰው «አላገባህም» የምትል ልጅም አለችበት።

ዓሣ የምትጠብሰው አክስቴ «ይቺ እናትማ ጎረቤታችን ናት! እንግሊዝ አገርም አለች እንዴ?» ብላ ሳቀች።

ያን ሳምንት አሪየትን ለአንድ ሽማግሌ ሊድሯት ነበር። በእኛ ወግ ለእህት በጥሎሽ የሚመጣው ሰማያዊ ጨሌ ለወንድሟ ሚስት ማግቢያ ይሆናል። አሪየት መጽሐፉን ዘጋችና «እኔም አላገባም» አለች።

የአክስቴ ሳቅ ጠፋ። ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ፣ ንገራት እንጂ! ያለ እሷ ጨሌ እጮኛህን ማን ይሰጥሃል? ዓሣህንስ ማን ይጠብስልሃል?»

«ራሴ እጠብሳለሁ።»

«እናያለና!»

አዩ። አሪየት ወደ ሱዳን ተሻገረች፤ አልተመለሰችም። እጮኛዬን ጨሌ ያለው ወሰዳት። ሰው እስከ ዛሬ ሞኝ ይለኛል። ይበል!

መጽሐፉን ገዛሁት። ጎልምሼ የተማርኩት ንባብ ለእንግሊዝኛ አይበቃም፤ ያቺ ልጅ በመጨረሻ ታግባ አታግባ ዛሬም አላውቅም። አጠገቤ አስቀመጥኩትና ዓሣዬን ራሴ ጠበስኩ።