የነጅሚያ የቁጥር ጨዋታ

ነጅሚያ ደብረ ታቦር ውስጥ ከገበያው በላይ ባለች መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች። የእሷ ሕፃናት ቁጥርን የሚለምዱት ከሰሌዳ ሳይሆን ከመሬት ነው። ቆርኪ ትበትንላቸዋለች፤ አንዱ ይደረድራል፣ ሌላዋ ከፊሉን በጣሳ ትከድናለች፣ «ስንት ተደበቀ?» ይባላል። የተሳሳተውም ከሌሎቹ ጋር ይስቃል። ወላጆች ይመርቋታል። «ይህን ሙያ ከየት አመጣሽው?» ሲሏት ግን ወሬ ትለውጣለች።

ያመጣችው ከሪያድ ነው። ባሏ ጥሏት ሲሄድ፣ ገና ድክ ድክ የምትል ልጇን ዘምዘምን ለታላቅ እህቷ ለዙለይካ አስረክባ ተሰደደች። እዚያ የአሠሪዎቿን ልጅ ፈይሰልን አሳደገች። ቁጥር አስተምሪው ያላት አልነበረም፤ እንዲያው በተምር ፍሬ ስታጫውተው፣ ከሲኒ ሥር እየደበቀች ስታስፈልገው ለመደ። ልጁ ባወቀ ቁጥር እሷም እንደ እናት ደስ ይላት ነበር።

ከዘምዘም ጋር ግን በስልክ የሚያወሩት ስለ ጫማና ስለ ልብስ ነበር። ዙለይካ «ልጅቱን ሂሳብ ከብዷታል» ስትላት፣ «እታለም፣ አስጠኚ ፈልጊላት፤ እልክልሻለሁ» ትላለች።

ስትመለስ ዘምዘም ትከሻዋ ላይ ደርሳ ነበር። «እማ» የምትለው ዙለይካን ነው፤ ነጅሚያን በስሟ ትጠራታለች። ሂሳብ ስትሠራ ጣቶቿን ከጠረጴዛ ሥር ደብቃ ትቆጥራለች። አንድ ቅዳሜ ነጅሚያ ይህን አይታ አላስቻላትም፤ አጠገቧ ተቀምጣ ጠጠር ዘረገፈች።

«ነይ እንጫወት።»

«እኔ እኮ ትልቅ ነኝ» አለች ዘምዘም፤ በቁጣ አልነበረም። ስለ ፈይሰል ከዙለይካ ሰምታ ኖሮ፣ «ያ የዐረቦቹ ልጅ እስከ ስንት ቆጠረልሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«እስከ መቶ» አለች ነጅሚያ። ቃሉ ካፏ እንደወጣ ጸጸታት።

«እኔን መምህሬ በአለንጋ ነው ያስቆጠረኝ» አለች ዘምዘም፤ ደብተሯን ሰብስባም ወጣች። ነጅሚያ አልተከተለቻትም። ጠጠሮቹን አንድ ባንድ ለቀመች።

ዙለይካ ይህን ስትሰማ፣ «ታገሺ፣ ልጅ ባንድ ቀን አይለምድም» ብላ አጽናናቻት። ነጅሚያም መታገሡስ አላቃታትም፤ የሚያንገበግባት በአጠገቧ ሆና ልታጫውታት ሲገባ ያለፈው ዘመን ነው።

ዘምዘም አሁንም የምታድረው ዙለይካ ዘንድ ነው። ጁምዓ ጁምዓ እየመጣች ከነጅሚያ ጋር ምሳ ትበላለች፤ እንደ ደግ ዘመድ ስለ ጓደኞቿ ታወራታለች። ነጅሚያም ወሬዋን እያጣጣመች ትሰማታለች፤ ሂሳብ ግን አታነሣባትም።