በደቂቃ አሥራ አንድ ጠብታ

ይህ ታሪክ ሊጻፍ የሚገባው እንደሆነ እጠራጠራለሁ። ከአባቴ የባሰ የታመሙ፣ ከእኔ በተሻለ ትዕግሥት ያስታመሙ ብዙ ሰዎች አሉ። እኔ የዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ እንጂ የሕክምና ባለሙያ አይደለሁም። የምጽፈውም የሚያስመሰግነኝ ነገር አይደለም። ግን ዛሬም በአንድ ሆስፒታል ከሕመምተኛው ራስጌ ተቀምጦ፣ የመድኃኒቱ ጠብታ ዘገየብኝ ብሎ እጁን ወደ ቱቦው የሚዘረጋ ሰው ይኖራል። ለእሱ ስል ልሞክር።

የመጀመሪያው ምልክት ብርድ ነበር። በየካቲት ወር፣ ቀየት ከሚባለው ስፍራ ትንሽ ራቅ ብሎ ወዳለው ቤታችን ለዕረፍት በሄድኩበት ሳምንት፣ ጓሳ ለሣር አጨዳ ተከፍቶ ነበር። ጓሳ ማንም እንደፈለገ የሚገባበት መሬት አይደለም። ሕዝቡ ዘግቶ ያቆየዋል፤ ሲከፈትም ለተወሰኑ ቀናት ነው። ሳይፈቀድ ገብቶ ያጨደ ይቀጣል። አባቴ ይህን ደንብ ከሚያስከብሩት ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው። አጨዳው በተጀመረ በሁለተኛው ቀን ማጭዱ ቅልጥማቸውን ቆረጣቸው። ቁስሉን በጨርቅ ጠፍረው አሰሩና ማጨዳቸውን ቀጠሉ።

«ቀኑ ካለፈ በኋላ ብሽር ምን ይረባኛል? የቤታችን የሣር ክዳን እንደሆነ አርጅቷል» አሉኝ።

በአራተኛው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጋቢ ደርበው መንቀጥቀጥ ጀመሩ። «የጓሳ ብርድ መትቶኝ ነው» አሉ። አመንኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት በሟች ወንድማቸው ስም ጠሩኝ። ትንፋሻቸው ፈጣንና ቁርጥ ቁርጥ የሚል ሆነ። ከትናንት ወዲህ ሽንት አልሸኑም። እግራቸው እስከ ጉልበታቸው ቀልቶ ያተኩሳል። በቃሬዛ አውራ መንገድ አደረስናቸው፤ ከዚያ በአምቡላንስ ወደ ከተማ ሆስፒታል ወሰድናቸው። የደም ግፊታቸው ሰባ በአርባ ነበር።

ዶክተሯ ረጅም ንግግር የሚወዱ ሴት አልነበሩም። «ሴፕሲስ ነው። የቁስሉ ኢንፌክሽን መላ ሰውነታቸውን አናግቷል። ኩላሊታቸውም ተጎድቷል» አሉኝ። የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነና የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ለማወቅ ለካልቸር ምርመራ ደም ተወሰደ። ወዲያው ሜሮፔነም የሚባል አንቲባዮቲክ ተጀመረላቸው። የመጀመሪያው ዶዝ በግማሽ ሰዓት ገብቶ አለቀ። ከዚያ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኙ። ለአባቴ የደረሳቸው የመድኃኒቱን ፍጥነት በራሱ የሚቆጣጠር አንድ ፓምፕ ብቻ ነበር፤ እሱም የደም ግፊታቸውን ደግፎ የያዘውን መድኃኒት ይሰጣል። አንቲባዮቲኩ በየስምንት ሰዓቱ፣ ጠብታው በእጅ እየተቆጠረ ይሰጥ ነበር።

«ከእንግዲህ እያንዳንዱ ዶዝ በሦስት ሰዓት ነው የሚያልቀው። እንዳትነኩት። ገባህ?» አለችኝ ነርሷ።

«ገባኝ ሲስተር» አልኩ። አልገባኝም ነበር። ለምን ብዬ መጠየቅ ግን አፈርኩ።

አብራኝ የምታስታምመው የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ አስካለ ነበረች። ተራ ስንቀያየር ቀና ብላ ከረጢቱን አየች።

«አንተ ተማሪ! ይኼ ግሉኮስ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚለግመው?»

«መድኃኒት ነው እትዬ። ቀስ ብሎ ይግባ ብለዋል።»

«ትናንት ሲገባ ባንድ አፍታ ጨረሱለት፤ ዛሬ ጠብ... ጠብ...። ተስፋ ቆርጠውበታል እኮ! ቤት ሲቃጠል ውኃ በማንኪያ ነው እንዴ የሚደፋ? ትምህርትህ ለመቼ ሊሆን ነው?»

ይህን ስትል እንባዋ ይወርድ ነበር። ነርሷ ከሌላ ሕመምተኛ ጋር ነበረች። ቱቦው ላይ ያለችውን ትንሽ መዘውር ገፋሁ። ጠብታው ወደ መስመር ተለወጠ። በዐሥር ደቂቃ አለቀ። እትዬ አስካለ «እደግ፣ ተመንደግ» ብላ መረቀችኝ። ደስ አለኝ።

በሁለት ቀን ውስጥ አምስት ዶዝ እንዲህ አደረግሁ። ነርሷ ከሦስት ሰዓት በኋላ ስትመለስ ከረጢቱን ባዶ ታገኘዋለች። በዚያ ሰዓት ማለቅ ስላለበት አትጠረጥርም። ሰንጠረዡ ላይ «ሦስት ሰዓት» ብላ ትፈርማለች።

ትኩሳቱ አልወረደም። የደም ግፊቱ መድኃኒት ተጨመረ። የሽንት ከረጢቱ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዶክተሯ ሰንጠረዡን አገላበጡ። «ሜሮፔነሙ በታዘዘው መሠረት በሦስት ሰዓት እየገባ ነው። ለውጥ ግን የለም» አሉ አብረዋቸው ለነበሩት ሐኪሞች። «ባክቴሪያው መድኃኒቱን የተላመደ ይመስላል። ካልቸሩ እስኪደርስ ኮሊስቲን እንጨምር።» ወደ እኔ ዞሩ። «ኮሊስቲን ሌላ አንቲባዮቲክ ነው፤ ኩላሊትን ግን ይጎዳል። የአባትህ ኩላሊት ደግሞ ያለበትን ሁኔታ አይተሃል። ዲያሊሲስ፣ የኩላሊት እጥበት፣ ሊያስፈልጋቸው ይችላል።»

በታዘዘው መሠረት። ያ ውሸት የእኔ ነበር። ሐኪሞቹ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፉ። አባቴን አየሁ። ዓይናቸው ተከድኗል። ዶክተሯን ተከተልኳቸው።

«ዶክተር፣ በሦስት ሰዓት አልገባም።»

«ምኑ?»

«መድኃኒቱ። እኔ ነኝ የለቀቅሁት። አምስት ጊዜ።»

«በስንት ደቂቃ አለቀ?»

«በዐሥር።»

ነርሷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዶክተሯ አልጮኹም። ቢጮኹብኝ ብዬ ተመኘሁ።

«ስማ» አሉኝ። «ይህ መድኃኒት ባክቴሪያን የሚገድለው አንዴ ብዙ ስለገባ አይደለም። በቂ ሆኖ ደም ውስጥ በሚቆይበት ጊዜ ልክ ነው። ባንዴ ስትለቀው ሽቅብ ይወጣና ይወርዳል፤ ከወረደ በኋላ ባክቴሪያው ያገግማል። የመጀመሪያውን ዶዝ ያፋጠንነው በቶሎ በቂ መጠን ላይ እንዲደርስ ነው። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው እዚያው ማቆየት ነው።»

«እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኋቸው?»

«ነህም አይደለህምም ብዬ ልምልልህ አልችልም። ሴፕሲስ የያዘው ሰውነት መድኃኒትን እንዴት እንደሚያስተናግድ አስቀድሞ አይታወቅም። ግን በቅጡ ያልሞከርኩትን መድኃኒት አልሠራም አልልም። ቁስሉን ዛሬውኑ ደግመን እናጥባለን። ኮሊስቲኑን እስከ ነገ ጠዋት ሳልጀምር አቆየዋለሁ። ከባሰባቸው ግን አልጠብቅም።»

ያ ቀን ከሁሉም ቀን ረዘመብኝ። ቁስሉ ተከፍቶ ታጠበ። የከሰዓቱ ዶዝ ሲንጠለጠል ነርሷ ጠራችኝ። «በአንተ ውሸት ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለችኝ። «እጅህ ሥራ ካማረው ና ቁጠር። ከረጢቱ መቶ ሚሊ ሊትር ነው። በዚህ ቱቦ አንድ ሚሊ ሊትር ሃያ ጠብታ ይሆናል። በሦስት ሰዓት እንዲያልቅ በደቂቃ ስንት ይወርዳል?»

አሰላሁ። «አሥራ አንድ።»

«አንተ ትቆጥራለህ። መዘውሩን የምነካው እኔ ነኝ።»

ስልኬ ላይ ያለውን ሰዓት እያየሁ ቆጠርኩ። አሥራ አንድ። አሥራ አንድ። ዘጠኝ ሲሆን እጠራታለሁ። አሥራ ሦስት ሲሆን እጠራታለሁ። እትዬ አስካለ ተራዋ ሲደርስ ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች፤ ስለ ማንኪያው ዳግመኛ አላነሳችም።

በማግስቱ ጠዋት ትኩሳቱ በጥቂቱ ወርዶ ነበር፤ ዶክተሯም ሰንጠረዡን፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ደግሞ የሽንቱን ከረጢት ካዩ በኋላ «ኮሊስቲኑ ይቅር» ብለው አለፉ። ቁስሉ መታጠቡ ይሁን፣ መድኃኒቱ በሥርዓቱ መግባቱ፣ ወይም ሁለቱም፣ ዛሬም አላውቅም፤ የማውቀው ግን ከሁለት ቀን በኋላ የደረሰው ካልቸር ባክቴሪያው በሜሮፔነም የሚሞት መሆኑን ማሳየቱንና የደም ግፊቱ መድኃኒት ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ቆይቶ መነቀሉን ነው። አባቴ በስሜ ጠርተውኝ የአጥሚት ጠረን ከየት እንደሚመጣ በጠየቁኝ ቀን፣ ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ።

ተቀምጠው መብላት ሲጀምሩ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ጓሳ ሳይከፈት ገብቼ አጨድኩ በለኛ!»

«አዎ አባዬ።»

«ስንት ሸክም?»

«አምስት።»

«ቅጣቱን ታውቀዋለህ፤ ሰው በተሰበሰበበት ቆሞ መናገር ነው።» ከዚያ የታሰረ እግራቸውን አዩ። «እኔም ይህን እግር ይዤ አጨዳ አልተውም ያልኩበት ጥፋት አለብኝ። አብረን እንቆማለን።»

የምታስታምሙ ሆይ፣ ቁስል ያለው ሰው በፀሐይ ከተንቀጠቀጠ፣ ከቃዠ ወይም ሽንቱ ከቀነሰ ነገን አትጠብቁ። ያልገባችሁን ገባኝ አትበሉ፤ «ለምን?» በሉ። የመድኃኒቱ ፍጥነት ካሳሰባችሁ ነርሷን ጥሩ፤ እጃችሁን ግን ሰብስቡ። አጥፍታችሁ ከሆነም በዚያው ሰዓት ተናገሩ፤ ሐኪም የሚወስነው በሰማውና በተጻፈው ላይ ነውና። ሳይጮኹብኝ ያስተማሩኝን ዶክተርና አስቆጥራ ያስካሰችኝን ሲስተር እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

የመጨረሻው የኩላሊት ምርመራ ደኅና መሆኑ ተነግሮን ወደ ቤት እንደተመለስን፣ የማርያም ማኅበር በእኛ ቤት ነበር። አባቴ በምርኩዝ ቆመው ስለ እግራቸው ተናገሩ። ቀጥዬ እኔ ስለ አምስቱ ዶዝ ተናገርኩ። ስጨርስ እትዬ አስካለ ከሴቶቹ መካከል ብድግ ብላ «ልጁን ብቻ አትዩት፣ ያስለቀቅሁት እኔ ነኝ!» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አባቴም ሳቁ። ቅጣታችንን የጨረስነው ያን ቀን ነው፤ ግንቦት 21።