ቢጫው ካርድና ሰማንያው ቀን

አማቴ ካምፓላ ሊሄዱ ነው ሲባል ከእሳቸው በላይ የተጣደፍኩት እኔ ነኝ። ምን ላድርግ፣ አንድ ነገር ከታሰበ ሳይውል ሳያድር ካላለቀ እንቅልፍ አይወስደኝም። የደሴ ልጅ ነኝ። መቐለ መጥቼ እንዳ ኢየሱስ ካምፓስ ማስተማር ከጀመርኩ፣ የእሳቸውንም ልጅ ካገባሁ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ቁጣዬ ግን አብሮኝ መጥቶ ይኸው አብሮኝ አለ።

የባለቤቴ እኅት ትዳሯ ካምፓላ ነው። በዚህ ዓመት ሴት ልጅ ወለደች። እኔ ሁለት ወንድ ነው የወለድኩት፣ ስለዚህ ለአማቴ የመጀመሪያዋ ሴት የልጅ ልጅ መሆኗ ነው። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሳለችና አደይ ያን ቀን ሕፃኗን ሳላቅፍማ አልቀርም ብለው ቆረጡ። አደይ የምላቸው የቤቱ ልጆች እንደዚያ ስለሚጠሯቸው ነው፣ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው። ቆጠርን፣ ሰማንያው ሐሙስ ላይ ዋለ።

ፓስፖርታቸው ዘግይቶ እጃችን ሲገባ ሰማንያው ሊሞላ የቀረው ከሁለት ሳምንት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ኡጋንዳ ሲገባ ደግሞ የቢጫ ወባ ክትባት መውሰድን የሚመሰክር ቢጫ ካርድ ይጠየቃል። ካርዱ የሚሠራው ከተወጉ ዐሥር ቀን ሲሞላው ነው። እኔ ይኼን ሁሉ አጣርቼ፣ ማቀዝቀዣው ላይ ወረቀት ለጥፌ፣ በሉ ነገ ዓይደር ሆስፒታል እንሂድ አልኳቸው። አይሆንም አሉ። ለካ ከነገ ጀምሮ ለሰባት ቀን ጸበል ሊጠመቁ ኖሯል፣ ጸበል የያዘ ሰው ደግሞ መርፌ አይወጋም።

በስመ አብ! ደሜ ፈላ። ባለቤቴ ጠባዬን ስለሚያውቅ ቀስ ብሎ ወደ ጓዳ ገባ። እኔ ግን አላስቻለኝም፤ ጸበሉ የትም አይሄድም፣ አውሮፕላኑ ግን ይሄዳል አልኳቸው። ያልኩትን ሳስበው እስካሁን ያሳፍረኛል። እሳቸው አልተቆጡም። እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ጓለይ» አሉኝ፣ የኔ ልጅ ማለታቸው ነው፤ «ልጄ በሰላም ከተገላገለች ሰባት ቀን እጠመቃለሁ ብዬ ተስያለሁ።» «ከሁሉ በፊት የወለድኳት ሴት ነበረች። በሁለት ዓመቷ ኩፍኝ ወሰደብኝ። ጸበል ወስደናት ነበር፤ መርፌው ግን ያኔ እኛ ዘንድ አልደረሰም። ጸበሉም የእሱ ነው፣ መርፌውም የእሱ ነው። ሁለቱንም አደርሳለሁ።»

ዐሥራ አንድ ዓመት አብሬያቸው ስኖር ስለዚያች ልጅ ሲያነሱ ሰምቼ አላውቅም። ወረቀቱን ከማቀዝቀዣው አንስቼ ቀኖቹን እንደገና ጻፍኩ።

እሑድ ስለታቸውን ጨረሱ፤ ሰኞ ጠዋት በሚኒባስ ዓይደር ደረስን። ክትባት ክፍል ያለችው ሲስተር አንድ ብልቃጥ ለዐሥር ሰው እንደሚበቃ፣ ከተከፈተ ደግሞ እንደማያድር ነግራን ሰው እስኪሞላ ጠብቁ አለችን። ስድስት ነበርን። እኔ ሰዓቴን ሳይ አደይ ከሁሉም ጋር ተዋውቀው፣ ማን የት እንደሚሄድ ጠይቀው፣ መርቀው ጨረሱ። ሰው ሲሞላ ሲስተሯ ዕድሜያቸው ከስልሳ በላይ ነው ብላ መጀመሪያ ለሐኪም አሳየቻቸው። ሐኪሙ ግፊታቸውን ለካ፣ ስለሚወስዱት መድኃኒት ጠየቀ፣ ደኅና ናቸው አለ። ከዚያ ሲስተሯ፣ ክትባቱ በእንቁላል ስለሚዘጋጅ፣ እንቁላል ሲበሉ ያማቸው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። አደይ ክፉኛ ተቀየሟት፤ በዐቢይ ጾም ስለ እንቁላል የምታወራ ምን ዓይነት ልጅ ናት ብለው፣ ተወግተው ካርዳቸውን ይዘው ቤት እስክንደርስ አልለቀቋትም። ሳቄን አፍኜ ሞትኩ።

ከሰዓት በኋላ ትኬቱን ቆረጥኩ። ማክሰኞ ከመቐለ አዲስ አበባ፣ ረቡዕ ጠዋት ከአዲስ አበባ ኡጋንዳ። ዐሥሩ ቀን ረቡዕ ይሞላል፣ ለክርስትናው አንድ ቀን ይተርፋል። እንዴት ያለሁ ጎበዝ ነኝ ብዬ ደስ አለኝ።

በሳምንቱ ሰኞ ሻንጣ ስናስተካክል አደይ ቢጫውን ካርድ አውጥተው ምን እንደሚል አንብቢልኝ አሉኝ። ስማቸውን አነበብኩ፣ የክትባቱን ዓይነት አነበብኩ፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ ይሠራል የሚለው ጋ ደረስኩ። የተጻፈው የሐሙስ ቀን ነው። በጣቴ ቆጠርኩ፣ ደግሜ ቆጠርኩ። ለካ የተወጉበትን ሰኞ አንድ ብዬ ነው የጀመርኩት። እኛ ሳምንቱን ስምንት ቀን፣ ሁለት ሳምንቱን ዐሥራ አምስት ቀን ብለን ያደግን ነን፤ የተነሳንበትን ቀን ሳንቆጥር አናልፍም። የሕፃኗንም ሰማንያ የቆጠርነው ከተወለደችበት ቀን ነው። ካርዱ ግን ከማግስቱ ነው የሚጀምረው። ረቡዕ ቢሄዱ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሊመልሷቸው ይችላሉ።

ሓወልቲ ወዳለው የትኬት ቢሮ በባጃጅ በረርኩ። ትኬቱ ወደ ሐሙስ ተዛወረ፤ አውሮፕላኑ የሚያርፈው ግን ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ክርስትና በጠዋት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በጸበላቸው የተቆጣሁት እኔ፣ ክርስትናውን ያሳጣኋቸውም እኔው ሆንኩ። ቤት ገብቼ እያለቀስኩ ነገርኳቸው፤ ይቅርታም ጠየቅኩ።

አደይ ነጠላቸውን እያጠፉ ነበር። «ስንት ሰዓት ይወርዳል አልሽ?» አሉኝ።

ሰባት ሰዓት አልኩ።

«እንታይ ደኣ ትበክዪ፣ ለምን ታለቅሻለሽ? ጾም አይደል እንዴ? ቅዳሴው ከሰዓት ነው።»

እንደ ሕፃን አፌን ከፍቼ አየኋቸው። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ የኖርኩ ሴት፣ ወረቀት ስለጥፍ ይኼን አላሰብኩም። ባለቤቴ እኅቱ ጋ ደወለ፤ እሷም አዎ፣ ክርስትናው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው አለች።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ አደይ በስልኩ መስኮት ብቅ አሉ። ነጭ በነጭ ለብሰዋል፣ ሕፃኗ እቅፋቸው ውስጥ ተኝታለች። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ካርዱን ያየው ሰውዬ ቀኑን አይቶ ዛሬ ነው እንዴ ብሎ እንደሳቀ፣ ከማረፊያው በቀጥታ ቤተ ክርስቲያን እንደደረሱ አጫወቱኝ። ከዚያ የሕፃኗን እጅጌ ቀስ ብለው ሰበሰቡና ትንሿን ክንድ ወደ ስልኩ አስጠጉ። ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ የምስር ፍሬ የምታክል የክትባት ጠባሳ አለ።

«እዪው ጓለይ» አሉኝ፣ እንባቸው እየወረደ። «ለዚችኛዋ ደረሰላት።»